«ምትኩ» የሚለውን ስም ሰው ፊት የተረጎምኩ ዕለት

ይህን የምጽፈው ባለቤቴ «በአፍህ ከምታወራው በወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ቢያንስ ይቀደዳል» ስላለችኝ ነው። በፍቅር ነው ያለችኝ ብዬ ማመን እፈልጋለሁ። ለማንኛውም አንባቢዎቼ፣ የሚያወራችሁ ሰው ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ የሚኖር፣ የዕድሜውን ግማሽ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ የፈጀ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ነው። አንገቴን የምደፋው ወገቤን አሞኝ አይደለም። አፍሬ ነው።

በሽታዬ ስም መተርጎም ነው። መዝገብ ክፍል የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። «ጉዳዩ፡ የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ» ይላል፤ ዘንድሮም ይላል፣ ከርሞም ይላል። የሚለያየው ስሙ ብቻ ነው። እኔም ስሙን ማንበብ ያዝኩ። ከዚያ ይህ ለምን ወጣለት፣ ለዚያች ማን አወጣላት እያልኩ መበርበር ጀመርኩ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ «የሟች ስም ትርጉሙ እኮ…» ብዬ ጀምሬ አውቃለሁ። ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከፊቴ ያለችውን ልጅ ስሟን ጠይቄ ስተረጉምላት ዳቦው ያለቀብኝ ቀን ብዙ ነው። ሰፈሩ በፊቴ «መዝገበ ቃላት» ይለኛል። ከኋላዬ የሚለኝን ባለቤቴ ታውቃለች፤ አትነግረኝም።

አንድ መዝገበ ቃላትም አለኝ። ሐሙስ ገበያ መሬት ላይ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ነው የገዛሁት። ሽፋን የለውም። ከ«በ» ይነሳና ዘሎ «ነ» ላይ ያርፋል፤ መሃል ያለው የለም። ሰውዬውን «ይኼ የት ገባ?» ብለው፣ «ስኳር ተጠቅልሎበት ይሆናላ!» አለኝ። ምንም አይደል፣ የጎደለውን እኔ እሞላዋለሁ ብዬ ገዛሁት። ሞላሁትም። ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው፤ «ተ» ያለችው እዚያ የጎደለው ውስጥ ነበረቻ።

አሁን ወደ ምትኩ ልውሰዳችሁ። ምትኩ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ከቤቴ አምስት ደቂቃ አያስኬድም። አብራችሁት ግማሽ ቀን ተቀምጣችሁ አሥር ቃል ከሰማችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እንደኔ ላለ ወሬኛ እንዲህ ያለ ጓደኛ ከሰማይ የተላከ ነው፤ ጋራዥ ከከፈተ ወዲህ ብቻ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አወራሁለት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመኪና ስር ሆኖ «እህ» አለኝ።

እናቱ እማማ ተዋበች ናቸው። ከባላቸው ጋር በወጣትነታቸው ከሸዋ ወደዚህ መጡ፤ ምትኩ ገና ዳዴ ሲል ባላቸው ሞቱባቸው። አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። እኔንም በግማሽ እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ፤ ከትምህርት ቤት ስንመጣ ለእሱ ሲያቀርቡ ለእኔም ያቀርባሉ። «አንተ ወሬኛ፣ እየዋጥክ አውራ፣ ያንቅሃል» ይሉኝ ነበር። ይህን ምክር ያኔ ብሰማ ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ።

ምትኩና ሚስቱ ልጅ ሳያገኙ አሥራ አራት ዓመት ቆዩ። ባለፈው ዓመት እግዜር አየና ሴት ልጅ ሰጣቸው። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች። በረከት አሏት። እሁድ ነበር፤ ከእድር ድንኳን መጣ፣ ሰፈሩ ተጠራ። በሰፈራችን ደንብ ለሙስሊም ጎረቤቶች ሌላ በግ ይታረዳል፣ የከማል ሚስት በቤቷ ትሠራውና ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም አብሮ ይቀመጣል። ከማል ባለሱቁ ጎረቤታችን ነው። ከእሱ ቀጥሎ ከሰቃ የመጣው ኢዶሳ ተቀምጧል፤ ቡና ገበሬ ነው፣ አሮጌ ፒክአፕ አለችውና በየወሩ ምትኩ ጋራዥ ትተኛለች፣ በዚያው ወዳጅ ሆኑ። ከኢዶሳ ቀጥሎ ባለቤቴ፤ ከባለቤቴ ቀጥሎ፣ ምን አደርጋለሁ፣ እኔ።

ነገሩን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። አንዷ እንግዳ ናት «በረከት ጥሩ ስም ነው፤ እስቲ ተርጉምልን» ያለችው። በረከትን ለመተርጎም ምን ዕውቀት ያስፈልጋል? እኔ ግን ሩብ ሰዓት ፈጀሁ። ሰው ሳቀ። ብርዙም ጥሩ ነበር። «የእኔስ?» አለ አንዱ። «የእኔስ?» አለች ሌላዋ። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ እንደ ጠንቋይ የሁሉን ስም ፈታሁ። ከማል ጋ ስደርስ «ፍጹም ማለት ነው» አልኩት። «አልሃምዱሊላህ፣ ለሚስቴ ንገርልኝ!» አለና ድንኳኑን በሳቅ አናጋው።

ከዚያ ኢዶሳ ጋ ደረስኩ።

«ኢዶ ቦታ ነው፤ ኢዶሳ ‹የእሱ ቦታ› ማለት ነው» አልኩ፣ ኦሮምኛው የሱ አፍ መፍቻ መሆኑን ረስቼ።

«አዎ» አለ ኢዶሳ በእርጋታ። «ከእኔ በፊት አንድ ወንድሜ ሞቷል። አባቴ በእሱ ቦታ ብሎ አወጣልኝ። ታላቄ ነው፤ ስሙን እስከዛሬ እንጠራዋለን።»

«አያችሁ!» አልኩ፤ ሰው ስለ ሞተ ወንድሙ እየነገረኝ «አያችሁ» አልኩ። «ኢዶሳና ምትኩ በሁለት ቋንቋ አንድ ስም ናቸው! ምትክ የመጣው ተካ ከሚለው ነው፤ ተካ ደግሞ ከተከለ። አንዱ ሲነቀል በቦታው ሌላው ይተከላል።» ይህን ተካ ከተከለ መጣ የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ? ከኪሴ። መጽሐፌ ውስጥ «ተ» የለችም ብያችኋለሁ።

ያኔ ምትኩ ተናገረ። በዓመት አንዴ ሰው ፊት የሚናገር ሰው በዚያች ደቂቃ ተናገረ። ልጁን ታቅፎ ፈገግ ብሎ፣ «የእኔስ የአያቴ ነው» አለ። «አያቴ በሞቱ በአራተኛው ወር ተወለድኩ። እናቴ ናት የነገረችኝ።»

ሰው ሁሉ «አይ ደስ ሲል» አለ። እኔ ሩብ ሰዓት ለፍቼ ያላገኘሁትን «ደስ ሲል» ምትኩ በሦስት ዓረፍተ ነገር ወሰደው። ቀናሁ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም፤ በቃ ቀናሁ።

«ተሳስተሃል!» አልኩ፣ ጣቴን አንስቼ። ባለቤቴ በጠረጴዛው ስር ረገጠችኝ። ቦታ የጠበባት መስሎኝ እግሬን ሰበሰብኩላት። «ሽማግሌ ይወረሳል እንጂ አይተካም! ምትኩ የሚባለው ልጅ ሞቶ ልጅ ሲወለድ ነው። ከአንተ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበረ ማለት ነው። ውሸቴን ከሆነ ይኸው እማማ አሉ፤ ጠይቃቸው!»

ጣቴን ወደ እማማ ተዋበች አዞርኩት። ያቺን ጣት ዛሬም ሳያት ትቀፈኛለች።

እማማ ድፎ ዳቦውን እየቆረሱ ነበር። ቢላዋውን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን መጻፍ አልችልም። «ሥጋ ጨምሩላቸው» አሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ውስጥ ገቡ። እንግዳው እስኪወጣ ድረስ አልተመለሱም። ኢዶሳ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና «ማሎ፣ አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?» አለኝ። ከማል «አስተግፊሩላህ» አለ። ምትኩ ልጁን ለሚስቱ ሰጠና ቆመ። ወደ እናቱ በር አየ፣ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ወጥቶ የሚያልፈው ሁሉ እያየው ምንም ያልተበላሸ መኪና ኮፈን ከፍቶ ማየት ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ጃኬቴን ለብሼ ለሥራ ስወጣ ደጃፌ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ፋይሉን አሳየኝ» አለ።

«የምን ፋይል?»

«መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ነገር አይተሃል። ከእኔ በፊት ማን ነበር? እናቴን ማታውን ጠየቅኳት፤ አትናገርም። ግድግዳ ታያለች።»

አንባቢዎቼ፣ እስቲ ፍረዱኝ። ፋይል አይቻለሁ ብል ውሸት ነው፣ የሌለ ፋይል ይጠይቀኛል። አላየሁም ብል ደግሞ…

«አላየሁም» አልኩ። «ገምቼ ነው።»

«ገምተህ ነው?» አለ። ድምፁ አልጨመረም፤ ቢጨምር ይሻለኝ ነበር። «ገምተህ ነው እናቴን ያስለቀስካት?»

እዚህ ጋ ዝም ብል ኖሮ ጥፋቴ አንድ ነበር። እኔ ግን ሁለተኛውን ደረብኩበት። «ቆይ፣ ተሳስቼ ነው» አልኩት። «ማታ መጽሐፉን አየሁት። ምትኩ ለአያትም ይሆናል! በግልጽ ተጽፏል።» ውሸት በደግ ልብ ሲዋሽ ጽድቅ ይመስላል።

«አምጣው» አለ ምትኩ።

አመጣሁት። ምን ላድርግ? ምትኩ ሞተር ሲፈታ ዓመት የሚቆይ ትዕግሥት አለው። ዘይት በጠገቡ ጣቶቹ ገጹን እየገለጠ «በ»ን አለፈ፤ «ነ» ላይ ደረሰ። ተመለሰ፤ እንደገና ገለጠ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ በሁለት እጁ መለሰልኝ፤ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሬሳ። ሠላሳ ዓመት የሰማኝ ጆሮ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ባለቤቴ ከመስኮቱ ታይ ነበር። «አሁንስ ‹ተ›ን አገኘሃት?» አለችኝ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም ብዬ ነበር፤ ግን ልንገራችሁ። ምትኩ ከእናቱ ጋር ከ«ደህና አደርሽ» በቀር ሌላ ቃል እንደማይነጋገር ሚስቱ ለባለቤቴ ነገረቻት። ምሳውን ጋራዥ መብላት ጀመረ። እማማም ልጅቷን ማቀፍ ተዉ። አሥራ አራት ዓመት የጠበቋትን የልጅ ልጅ በእኔ አፍ ምክንያት አላቅፍ አሉ።

ጥፋት ሲበዛ ሰው ብልሃት ሳይሆን መሸሻ ይፈልጋል። እኔ ሰቃ ፈለግኩ። ኢዶሳን አግኝቼ «በእኛ ዘንድ ኢዶሳ ለአያትም ይወጣል» ብሎ ለምትኩ እንዲመሰክርልኝ ላግባባው አሰብኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የተቀመጥኩት አንዲት የምታውቀኝ ነርስ አጠገብ ነው፤ «እንኳን አገኘሁህ፣ የእኔን ስም ተርጉምልኝ» አለች። አፌን ፈራሁት። «ትርጉም የለውም» አልኳት። ልጅቷ ስሟ ትርሲት ነው፤ ጌጥ ማለት። እስከ ሰቃ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ሄደች። እንግዲህ ብናገርም ዝም ብልም የሚቀየመኝ አላጣሁም።

ኢዶሳን ማሳው ውስጥ አገኘሁት። «አካም ጂርታ?» ብሎ ጨበጠኝና ጉዳዬን አዳመጠ። እስክጨርስ ጠበቀ።

«እኔ አልዋሽልህም» አለ። «ወንድሜን አያቴ አላደርገውም። ና፣ ተከተለኝ።»

ወደ ቡናው መሃል ወሰደኝ። አንድ ቦታ ላይ መሬቱ ተቆፍሮ አመድ ሆኗል፤ ከእሱ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ጉልበቴ የማይደርስ ችግኝ ቆሟል፣ ጥላ ተሠርቶለታል።

«እዚህ የነበረው ዛፍ ባለፈው ክረምት ደረቀ፤ በሽታ ገባው» አለ። «ነቀልኩት፣ አቃጠልኩት። ምትኩን ግን እዚያው ጉድጓድ ላይ አልተከልኩም። እዚያው ብትተክለው የዚያኛው በሽታ ይይዘዋል። አጠገቡ ነው የሚተከለው። የሞተው ቦታ የእሱ ነው፤ ይቀመጥለታል። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩ።

«አልገባህም። እኔ ወንድሜ ቦታ ላይ አልተቀመጥኩም፤ አጠገቡ ነው ያደግኩት። እናቴ ስንት ልጅ ወለድሽ ስትባል እሱን ቆጥራ ነው የምትመልሰው። ስለዚህ ስሜን ስትተረጉምልኝ አልከፋኝም። እማማ ግን ብቻቸውን ነው የያዙት። አንተ የሳቸውን ጉድጓድ ሰው ፊት ከፈትክ። ውሸት ይዘህ አትሂድ፤ እግራቸው ላይ ውደቅ። ባዶ እጅህንም አትሂድ።» ብሎ አንድ ማዳበሪያ አቮካዶ ጫነልኝ።

የአቮካዶው ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ለሽያጭ የተለቀመ ሳይሆን የበሰለ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ስለሌለ ጭኔ ላይ አቀፍኩት፣ ከኋላ አንድ ወፍራም ሰውዬ ተደገፈብኝ፣ መንገዱ ደግሞ የምታውቁት ነው። ጅማ ስወርድ ሱሪዬ ከወገብ እስከ ጉልበት አረንጓዴ ሆኗል። ቤት ሄጄ ልቀይር አሰብኩ፤ ቤት ከገባሁ እንደማልወጣ አውቃለሁ። እንደዚያው ሄድኩ።

እማማ በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ብቻቸውን ናቸው። ማዳበሪያውን አስቀምጬ እግራቸው ላይ ተደፋሁ። ልደፋ አልኩ እንጂ፣ የተጨፈለቀው አቮካዶ አንሸራተተኝና የምስሩ ሰፌድ ላይ በአፍጢሜ ነው የተደፋሁት።

«ተነስ» አሉ። «በረንዳዬን አቆሸሽክ።»

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። አላውቅም ነበር።»

«እሱ ነው የከፋኝ» አሉ፤ የተበተነውን ምስር አንድ በአንድ እየሰበሰቡ። «ብታውቅ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ሳታውቅ ነው የተናገርከው። ደግሞ አፍህ ውስጥ ሥጋ ነበር።»

መሬት ይዋጠኝ አልኩ። መሬት አልዋጠኝም፤ እኔም ምስር መልቀም ጀመርኩ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ጀመሩ።

«ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ኩፍኝ ገባ፤ ያኔ ከዚህ ሰፈር ስንቱን ወሰደ። እሱ በሄደ በዓመቱ ይኼኛው ተወለደ። ያዋለደችኝ ሴትዮ ‹የሄደውን ስም የቀረው ጆሮ ላይ እንዳትጠሪ፤ ሰምቶ ይከተለዋል› አለችኝ። ፈራሁ። አባቱ ምትኩ ብሎ አወጣለት፤ እኔ የአባቴን ሞት ምክንያት አደረግኩለት። ባሌም ሞተ። ከዚያ ወዲያ ያንን ልጅ የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ። ከባሌ ሞት ወዲህ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ስጸልይም፣ ሙት ዓመትም ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም ስሄድ በሆዴ ነው።»

«እና ለምትኩ…»

«ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ከእንግዲህ ወዴት ይከተለዋል?» አሉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ልንገረው እያልኩ ስንት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያው ጠፋኝ። አንተ ደግሞ መጀመሪያውን በጣትህ አመጣኸው።»

ያቺን ጣቴን ምስሩ ውስጥ ደበቅኳት። አዎ፣ እኔ።

«አሁን ስማ» አሉ። «ሰው ፊት ያወጣኸውን ሰው ፊት ትጨርሰዋለህ። ያን ዕለት የነበሩትን በሙሉ ለነገ ጥራልኝ። አንድ ሰው እንዳይቀር።»

አንባቢዎቼ፣ ሰው ለድግስ ሲጠራ ይኮራል። እኔ ያን ዕለት ከሰዓቱን በአረንጓዴ ሱሪ በር ለበር እየዞርኩ «ነገ እማማ ተዋበች ጋ ትፈለጋላችሁ» ስል ዋልኩ። «ለምን?» ይሉኛል። «እኔ ባጠፋሁት» እላለሁ። አንዳንዱ «ከየትኛው ጥፋትህ?» ይላል። ከማል ሱቁ ውስጥ ሱሪዬን ከላይ እስከታች አየና «ወላሂ፣ ቅጣቱን በአላህ ፈንታ ራስህ ጀምረሃል» አለኝ። ለኢዶሳ ደወልኩ፤ «ያቺን ፒክአፕ በግድም ቢሆን አስነስቼ እመጣለሁ» አለ። ምትኩ ጋራዥ በር ላይ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለኝ። ከመኪና ስር ሁለት እግሮቹ ይታያሉ። ለእግሮቹ ነገርኳቸው። «እህ» የሚል ነገር አልሰማሁም።

እሁድ ድንኳን አልነበረም። ሳሎኑ ሞላ፤ ወንበር ያጣ በረንዳ ላይ ቆመ። እማማ መሃል ላይ አንድ በርጩማ አስቀምጠው እዚያ ላይ ቁጭ አደረጉኝ። ቁመቴን ታውቁታላችሁ ብዬ አልገምትም፤ ረጅም ነኝ፣ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። ባለቤቴ ከግድግዳው ጥግ ታየኛለች፤ በዚህ ርቀት ልትረግጠኝ አትችልም። ምትኩ መጣ፤ አልተቀመጠም፤ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆመ።

እማማ ቆሙ። የልጅ ልጃቸውን ከምራታቸው እጅ ተቀብለው አቀፉ። ከሳምንት በኋላ መጀመሪያ ነው።

«ይኼ ሰው» አሉ ወደ እኔ እያዩ፣ «የሁላችሁንም ስም ተርጉሟል። አንድ የቀረ አለ። ከምትኩ በፊት የወለድኩት ልጅ ነበረኝ። የመጀመሪያ ልጄ ነው። ቀይ ነው፣ ጸጉሩ ጥቅልል ያለ ነው፤ ‹ውሃ› ማለት ስለማይችል ‹ዋ› ይል ነበር። በዚህ ቤት ነው የሞተው።» ቆም አሉ። ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ስሙ ኑርልኝ ነው።»

ቤቱ ውስጥ ሕፃኗ ብቻ ናት ድምፅ የምታሰማው። ለስንት አሥርት ዓመት ያልተጠራ ስም ነው፤ ሰው ሁሉ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ በየራሱ ሲደግመው አየሁ።

«በል» አሉኝ። «አንተ አዋቂ ነህ። ተርጉምላቸው።»

ቀና አልኩ። ይህን ስም ለመተርጎም መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ጉሮሮ ነው የሚያስፈልገው። «ኑርልኝ ማለት…» አልኩ። «ኑርልኝ ማለት እማማ…» አልኩ። ፊታቸውን አየሁ፣ ሺህ ጊዜ ያበሉኝን እጆቻቸውን አየሁ፣ ያቺን ሥጋ የያዘች አፌን አስታወስኩ። አልወጣም አለኝ። እኔ! ለቀባሪ የማረዳ፣ ለኦሮሞ ኦሮምኛ የምተረጉም ሰው፣ አንዲት ቃል አቃተኝ።

«አልችልም፣ እማማ» አልኩ። እንባዬ መጣ። «ይቅር ይበሉኝ፤ ይኼን አልችልም።»

ማንም አልሳቀም። ከበሩ በኩል ጫማ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ምትኩ ሰዉን እያለፈ መጣ፤ በአጠገቤ አለፈ፤ እናቱ ፊት ቆመ። የጋራዥ እጁን በሱሪው ጠረገና የእናቱን ትከሻ ያዘ።

«ትርጉሙማ ወንድሜ ማለት ነው» አለ።

እማማ ተዋበች ግንባራቸውን ልጃቸው ደረት ላይ አስደገፉ፤ ሕፃኗ በሁለቱ መሃል ናት። ስሙን ጠሩት፣ በምትኩ ጆሮ ላይ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ምትኩም አብሯቸው ጠራው። ከግድግዳው ጥግ የባለቤቴ ማልቀስ ይሰማኛል፤ ኢዶሳ ባርኔጣውን አውልቆ እያሻሸ መሬት መሬት ያያል።

ከዚያ ሰው ቁጭ አለ፣ ምሳ ቀረበ። እኔ ተነስቼ ልወጣ ስል እማማ በትከሻዬ ያዙኝና መልሰው በርጩማው ላይ አስቀመጡኝ። ሰሃን ሞልተው ሰጡኝ፤ ከላዩ ላይ ከኢዶሳ አቮካዶ የተረፈችውን አንዲቱን ቆርጠው ጣል አደረጉበት።

«እንካ፣ ብላ» አሉኝ። «ዝም ብለህ ብላ።»

ዝም ብዬ በላሁ።